በጭንቀት ጊዜ ጸሎት እንዴት ይያዛል? ከዝግጅቱ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ደረጃ በደረጃ

ስትጨነቁ ሰው ሁሉ «ጸልዩ» ይላችኋል። ትጸልያላችሁም። ከጸሎት ስትነሱ ግን ልባችሁ አሁንም ድው ድው ይላል፣ እንዲያውም ብሶበታል። ከዚያ «እምነቴ ትንሽ ነው» ትሉና በጭንቀቱ ላይ ሌላ ጭንቀት ትደርባላችሁ።

ብዙ ጊዜ ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። ዓይን ጨፍኖ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ አለቃው ፊት፣ ስለ ልጁ ፈተና፣ ስለ እናት ደም ግፊት ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ሲያስቡ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ «አሜን» ይባላል። ይሄ ያው ጭንቀቱ ነው፣ አሜን ተጨምሮበት።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ልማድ ይከተላል። ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ ደረጃዎቹን እንዳሉ ያዙና ጸሎቶቹን በለመዳችሁት ቀይሩ። ጠዋት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

ይሄን ክፍል አትዝለሉት። ጭንቀቱ ከመጣ በኋላ መጽሐፍና ምዕራፍ መፈለግ የጀመረ ሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቲክቶክ ላይ ነው የሚገኘው። ረጋ ባላችሁበት ቀን እነዚህን አንድ ቦታ አስቀምጡ፦

- በወረቀት የታተመ መዝሙረ ዳዊት። በስልክም ይቻላል፤ ግን ዳዊቱን እያነበባችሁ የባንክ መልእክት ከላይ ብቅ ሲል ጸሎቱ እዚያው ያበቃል።
- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ።
- ነጠላ።
- መቁጠሪያ። ከሌላችሁ ጣታችሁ ይሠራል።

ከዚያ መዝሙሮቻችሁን ምረጡና ገጹ ላይ ወረቀት አስገቡበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩ ያሳስታል። በቤተ ክርስቲያን ዳዊት «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» 22ኛው መዝሙር ነው፣ በሌሎች ብዙ መጽሐፍ ቅዱሶች ግን 23ኛው። ምክንያቱ መዝሙር 9 እና 10 በአንዱ ቆጠራ እንደ አንድ፣ በሌላው ለየብቻ መቆጠራቸው ነው። ስለዚህ ሰው «90ን አንብብ» ብሎ ቢልክላችሁ የመጀመሪያውን መስመር ጠይቁት። እኔ የቤተ ክርስቲያኑን ቆጠራ አስቀድሜ ሌላውን በቅንፍ አደርጋለሁ።

- ፍርሃት ሲይዛችሁ፦ 90 (91)፣ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር»
- ረዳት የለኝም ስትሉ፦ 120 (121)፣ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ»
- የሠራችሁት ጥፋት ሲያስጨንቃችሁ፦ 50 (51)
- እግዚአብሔር የረሳችሁ ሲመስላችሁ፦ 12 (13)
- ምክንያቱን የማታውቁት ሐዘን ሲጫናችሁ፦ 41 (42)
- ለመኝታና ለሌሊት፦ 3 እና 4

ሁሉንም አትያዙ። ለቀን አንድ፣ ለሌሊት አንድ ምረጡና ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አትቀይሩ። በየቀኑ አዲስ ጥቅስ የሚያሳድድ ሰው አንዱም አይገባውም፤ በጨነቀው ሰዓት አፉ ላይ የሚመጣው የደጋገመው ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሰውነታችሁን ጠይቁ

ነቢዩ ኤልያስ ኤልዛቤልን ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባና ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ መጥቶ ያለው «ተነሥና ብላ» ነው። እንጎቻና ውኃ ነበር የቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ አሁንም ብላ አለው። ትልቁ ንግግር የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው (1ኛ ነገሥት 19)።

ስለዚህ ከጸሎቱ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦

- ዛሬ ምን በላሁ? ባዶ ሆድ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ልብ ቢመታ የመንፈስ ፈተና ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ቡናውን ቀንሱ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተዉት።
- ትናንት ለስንት ሰዓት ያህል ተኛሁ? ከሦስትና አራት ሰዓት በታች ከሆነ ዛሬ ማታ ጸሎቱን አሳጥራችሁ ተኙ። በእንቅልፍ እጦት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቁሞ ማደር አትጀምሩ።
- ጾም ላይ ነኝ? ከታመማችሁ ወይም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የሰዓቱን ነገር ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። በራሳችሁ ውሳኔ እስከ 9 ሰዓት ጾማችሁ እየተንቀጠቀጣችሁ ሥራ አትግቡ።

ደረጃ 2፦ ሰዓትና ቦታ ቁረጡ

ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ (ጠዋት)፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (መኝታ)፣ መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት)። በሁለቱ ጀምሩ፣ በጠዋትና በመኝታ። ሰባቱንም ነገ እጀምራለሁ የሚል ሰው ሐሙስ ላይ አንዱንም አይዝም።

ቦታው ሁልጊዜ ያው ይሁን። የክፍሉ ጥግ ይበቃል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ አንድ ክፍል ብቻ ካላችሁ አጥፉትና ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

ጮክ ብላችሁ መጸለይ የማትችሉ አላችሁ። አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ከአራት ሰው ጋር ክፍል የምትጋሩ፣ ሌሊት ታክሲ የምትነዱ። የሳሙኤል እናት ሐና በልቧ ነበር የተናገረችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር (1ኛ ሳሙኤል 1፥13)። ከንፈራችሁን ማንቀሳቀስ አትተዉ። በሐሳብ ብቻ የተጀመረ ጸሎት ቶሎ ወደ ሌላ ሐሳብ ያመልጣል። ልብስ ስትተኩሱ፣ ሳህን ስታጥቡ አንዷን የመዝሙር መስመር መያዝም ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ጭንቀቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄን ነው። ከጸሎቱ በፊት ደብተሩን ክፈቱና የሚያስጨንቃችሁን ጻፉ። «ሕይወቴ ተበላሸ» አይሆንም። «እስከ ወሩ 30 ኪራይ መክፈል አለብኝ፣ ግማሹ ጎድሎኛል» ይሆናል። «ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ሊያልቅ ነው፣ አሠሪዬ ዝም ብሏል» ይሆናል። «የምርመራው ውጤት ረቡዕ ይመጣል» ይሆናል።

ከሥሩ ሁለት መስመር ጨምሩ። አንደኛው፣ በእኔ እጅ ያለው ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ በእጄ የሌለው ምንድን ነው? በእጃችሁ ያለው ወደ ደረጃ 5 ይሄዳል። በእጃችሁ የሌለው ነው ለጸሎቱ የሚቀርበው።

ከጻፋችሁ በኋላ ዝርዝሩ አንድ ገጽ ከሞላ ተረጋጉ፤ ዛሬ የሚነካችሁን አንዱን ክበቡ። «ለነገ አትጨነቁ፤ ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» የተባለው (ማቴዎስ 6፥34) እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ የአሠራር መመሪያ ነው። የነገው ገጽ ለነገ ይቆይ።

መጻፍ ካስፈራችሁ፣ ለምሳሌ ሰው ያየዋል ብላችሁ፣ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ። «ኪራይ»። በቂ ነው።

ደረጃ 4፦ ጸሎቱ

ቅደም ተከተሉን አትቀላቅሉ። በተለይ ልመናውን ወደ ፊት አታምጡት።

1. ነጠላችሁን ልበሱ፣ ወደ ምሥራቅ ዙራችሁ ቁሙ፣ አማትቡ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» በሉ። ከመቀጠላችሁ በፊት ሦስት ጊዜ በቀስታ ተንፍሱ፤ ማውጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም። ፈጥናችሁ አትተንፍሱ፣ ያዞራችኋል። መቆም ካቃታችሁ ተቀመጡ።

2. «አባታችን ሆይ»ን በሉ። ብዙዎቻችን በአንድ ትንፋሽ ነው የምንጨርሰው። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። የሚለመነው የዕለቱ ነው፣ የዓመቱ አይደለም።

3. የመረጣችሁትን መዝሙር በድምፅ አንብቡ፣ ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ዓይናችሁን ለማስለመድ ነው። በሁለተኛው አንድ መስመር ያዙ። ለምሳሌ ከ41 (42) «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚለውን። መዝሙረኛው እዚህ ላይ ነፍሱን መልሶ ይጠይቃታል፤ ጭንቀት ሲያወራችሁ ዝም ብላችሁ አትስሙት፣ እናንተም መልሳችሁ ጠይቁት።

4. አሁን ልመናው። ደብተሩን ፊታችሁ አድርጉና የክበባችሁትን ዓረፍተ ነገር ለእግዚአብሔር አንዴ ንገሩት። ንጉሥ ሕዝቅያስ የአሦር ንጉሥ መልእክተኞች ያመጡለትን የዛቻ ደብዳቤ ይዞ ወደ ቤተ መቅደስ ገባና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው (2ኛ ነገሥት 19፥14)። የመብራት ቢል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የሐኪም ወረቀት ካላችሁ እናንተም ዘርጉት፣ አያሳፍርም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጭንቀት ተመልሶ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። «እንዲህ ቢሆንስ፣ እንዲያ ቢሆንስ» እያላችሁ ዝርዝር አትጨምሩ። ጌታ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ካለ በኋላ ሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል ነው የደገመው (ማቴዎስ 26፥44)። መድገም ካስፈለጋችሁ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድገሙ።

5. መቁጠሪያውን ያዙና «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ በሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ እጅም አፍም ሥራ ያገኛሉ፣ ሐሳብ የሚሮጥበት ቀዳዳ ይጠባል። አቅም ካላችሁ ጥቂት ስግደት ጨምሩ። በእሑድ፣ በበዓለ ሃምሳ (ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት) እና በቆረባችሁበት ቀን አይሰገድም። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ እንደገና ከአንድ አትጀምሩ፣ ከገመታችሁት ላይ ቀጥሉ።

6. አመስግኑ፣ ግን በአጠቃላይ ቃል አይሁን። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ከማለት «ዛሬ ጎረቤቴ ልጄን ከትምህርት ቤት ስላመጣችልኝ» በሉ። ቅዱስ ጳውሎስ አትጨነቁ ባለበት በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ከምስጋና ጋር» ብሏል (ፊልጵስዩስ 4፥6)፤ ምስጋናው የጨዋነት መዝጊያ አይደለም፣ ከሥራው አንዱ ክፍል ነው።

7. አማትባችሁ ጨርሱ። ተረጋጋሁ ወይስ አልተረጋጋሁም ብላችሁ ራሳችሁን አትመርምሩ። ደብተሩን ዝጉና ተነሱ።

ደረጃ 5፦ አንድ ነገር አድርጉ

ነህምያና ሕዝቡ ጠላት ሲዝትባቸው ወደ አምላካቸው ጸለዩ፣ ጠባቂም አቆሙ (ነህምያ 4፥9)። ሁለቱንም።

በደረጃ 3 «በእኔ እጅ ያለው» ካላችሁት ውስጥ ትንሹን ምረጡና ከጸሎት በተነሳችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርጉት። አከራዩን ደውላችሁ «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በ15» በሉት። የፈተናውን አንድ ምዕራፍ አንብቡ። የሐኪም ቀጠሮ ያዙ። ሥራው ትንሽ ቢሆንም ጸሎቱ መሬት የሚነካው በዚህ ነው። በማታው ጸሎት ከሆነ ነገ ጠዋት የምታደርጉትን ጽፋችሁ ተኙ።

ደረጃ 6፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጭንቀት ሲያነቃችሁ

የሌሊቱ አካሄድ ከቀኑ ይለያል፣ አጭር መሆን አለበት።

1. ስልክ አትንኩ። ሰዓት ለማየትም ቢሆን። አሜሪካ ወይም ካናዳ ካላችሁ እዚህ ላይ ጠንከር በሉ፤ በእናንተ ሌሊት አገር ቤት ነግቶ ዜናው ሁሉ ይጠብቃችኋል፣ አንዱን ከከፈታችሁ እስኪነጋ አይለቃችሁም።
2. ተኝታችሁ አማትቡ። እየሳባችሁ «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ»፣ እያወጣችሁ «ማረኝ» በሉ፣ በዝግታ።
3. መዝሙር 3ን ወይም 4ን በቃላችሁ በሉ። «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የሚለው በ4ኛው መጨረሻ አካባቢ ነው። ሙሉውን ካልያዛችሁ ይቺን መስመር ብቻ።
4. ቆይታችሁም እንቅልፍ እምቢ ካለ ከአልጋ ውረዱ። ደብዛዛ መብራት አብርታችሁ ተቀመጡና መዝሙሩን ከመጽሐፉ አንብቡ። ዓይናችሁ ሲከብድ ተመለሱ።
5. አዲስ ጭንቀት ከመጣ ደብተሩ ላይ አንድ ቃል ጻፉና «ጠዋት» በሉት። ሌሊት ላይ ምንም ውሳኔ አትወስኑ፣ ለማንም የቁጣ መልእክት አትላኩ።

ዳዊቱን በደረታችሁ እንዳቀፋችሁ እንቅልፍ ቢወስዳችሁ ኃጢአት ሠራሁ ብላችሁ አትደንግጡ። የተፈለገው እሱ ነበር።

ደረጃ 7፦ ሰው ጨምሩበት

ለብቻ የሚያዝ ጭንቀት ያድጋል። የንስሐ አባት ካላችሁ ደውሉና «ልቤ ተጨንቋል፣ 20 ደቂቃ እፈልጋለሁ» በሉ። በቅዳሴ መውጫ ላይ፣ ሰው እየገፋችሁ፣ መስቀል ስትሳለሙ ለማውራት አትሞክሩ። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የሚያስጨንቃችሁ የሠራችሁት ነገር ከሆነ ዙሪያውን አትዙሩ፣ ንስሐ ግቡና ቀኖናውን ተቀበሉ። መዝሙር 50ን መቶ ጊዜ ማንበብ የንስሐን ቦታ አይተካም፣ የወሰዳችሁትን ገንዘብ መመለስንም አይተካም።

ንስሐ አባታችሁ ቸኩለው «ጸልይ ልጄ» ብቻ ብለው ቢሸኟችሁ ተቀይማችሁ አትቅሩ። ብዙ ልጆች አሏቸው። ሌላ ቀን ቀጠሮ ጠይቁ፣ ካልሆነም ሌላ ካህን ፈልጉ። ከዚያ ውጪ አንድ የማኅበር ወይም የሰንበቴ ወዳጅ፣ በፕሮቴስታንት በኩል የቤት ኅብረቱ አንድ ሰው፣ ነገሩን በስሙ የሚያውቅ ይኑራችሁ።

ቅዳሴ ረዝሞባችሁ የምትጨነቁ ከሆነ በሥራ ቀን ከሰዓት ሂዱ። ዐጸዱ ጭር ይላል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ምንም አለማለት ይቻላል። ውጭ አገር ቤተ ክርስቲያኑ በሥራ ቀን ሊዘጋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ደውሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለጸሎት ዋጋ ከሚቆርጥ፣ «መተት አለብህ፣ ይሄን ያህል ላክ» ከሚል፣ በቪዲዮ ስምህን ጠርቶ ትንቢት ከሚነግር ሰው ራቁ። የተጨነቀ ሰው ኪስ እንደሚከፈት ያውቃሉ።

ነገሩ ሲበላሽ

*ምንም አይሰማኝም።* ቀጥሉ። መዝሙር 87 (88) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፣ የመጨረሻው መስመርም አይበራም። ያም ሆኖ ዳዊት ውስጥ አለ፣ ቤተ ክርስቲያንም ትደግመዋለች።

*ማልቀስ ብቻ ሆነብኝ።* አልቅሱ። ከቆመ በኋላ ካቆማችሁበት ቀጥሉ፤ ካልቆመ አማትባችሁ ጨርሱ፣ ውኃ ጠጡ።

*ቃል ተሳሳትኩ ብዬ ደጋግሜ ከመጀመሪያ እጀምራለሁ።* ይሄ አደገኛ ነው፣ ትጋት ይመስላል ግን ጭንቀቱ ራሱ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ክፉ የስድብ ሐሳብ በጸሎት መካከል ቢመጣም አትከራከሩት፣ መስመሩን ቀጥሉ። በየቀኑ ሰዓታት ከወሰደባችሁ ለካህኑም ለሐኪሙም ንገሩ።

*ቤተሰብ ያቋርጠኛል።* ጠዋት ከእነሱ ቀድማችሁ ተነሱ። ሕፃን ካላችሁ ልጁን ታቅፋችሁ አንዱን መዝሙር በሉ፣ ሌላውን ተዉት።

ከጸሎት ጋር ሐኪም የሚያስፈልግበት

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከተዘጋ፣ ሥራ መሥራት ካቃታችሁ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በየክፍለ ሀገሩም በአቅራቢያችሁ ካለው ሆስፒታል ጀምሩ። ደረት ላይ ከባድ ሕመም ከመጣ «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ቶሎ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

መሞት መሞት ካሰኛችሁ ይሄን ጽሑፍ ማንበብ አቁሙና አሁኑኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለብቻችሁ አትደሩ። መድኃኒት፣ ገመድ፣ ስለት ያለበትን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፣ ከዚያ ሰው ጋር ሐኪም ቤት ሂዱ።

ጸበል ስትጠመቁ መድኃኒት አታቁሙ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ጊዜ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል፤ የጭንቀትና የድብርት መድኃኒትም ከዚህ የሚለይበት ምክንያት የለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒቱ ካልተስማማችሁ ለማቆም የምትነጋገሩት ከጻፈላችሁ ሐኪም ጋር ነው፤ አንዳንዱ በድንገት ሲቋረጥ ራሱ ጭንቀት ያመጣል።

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ

አንድ ቀን ካመለጣችሁ ዕዳ አታድርጉት፤ የትናንቱን ደርባችሁ ዛሬ አትጸልዩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደብተሩን ክፈቱና ያለፉትን ሰርዙ። ያልተፈታውን ወደ አዲስ ገጽ አዛውሩ፣ ያው መዝሙር ይቀጥል ወይስ ይቀየር ብላችሁ ወስኑ።

ጭንቀቱ ሲበርድ ሁለቱን ሰዓት አትተዉ። አቅም ሲመጣ ለዕለቱ የተመደበውን ውዳሴ ማርያም ጨምሩ። ከዚያ ዳዊቱን በየዕለቱ መድገም ይቻላል፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ለሠራተኛ ሰው ይሄ ብዙ ነው። በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ ቢያዝ 15 ቀን ውስጥ ዳዊቱ ያልቃል። ያም ከበዛ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸውና እንደ አቅማችሁ ይወስኑላችሁ።